ጥቁሩ የአየርላንድ ስታውት፦ ከየት መጣ፣ በቤትስ እንዴት ይጠመቃል

ስታውት የሚባለውን የአየርላንድ ጥቁር ቢራ ስታውት የሚያደርገው አንድ እህል ነው፦ ሳይበቅል፣ እንደ ቡና እስኪጠቁር የተቆላ ገብስ። ከጠቅላላው እህል አንድ አሥረኛውን ቢይዝ ነው። ቀለሙ፣ ደረቅ ምሬቱ፣ መዓዛው፣ የድፍድፉ አሲድነት ሳይቀር የሚወሰነው ግን በዚያ ጥቂት እህል ነው። በቤት የተጠመቀ ስታውት አፍ የሚያደርቅ ወይም የከሰል ጣዕም ያለው ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጥቁሩ ገብስና በውሃው መካከል ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን፤ ለማንኛውም ቢራ የሚሠራውን ደግሞ አጠር አድርገን እናልፋለን።

የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ

የስታውት አባት የለንደኑ ፖርተር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን የተስፋፋ ቡናማ ቢራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ደንበኞቹ ከነበሩት የገበያና የወደብ ተሸካሚዎች ነው። ጠንከር ተደርጎ የተጠመቀው ፖርተር «ስታውት ፖርተር» ተባለ፤ በኋላ ፖርተር የሚለው ወድቆ ስታውት ብቻ ቀረ። ቢራው በግዙፍ የእንጨት ጋኖች ለወራት እየተቀመጠ ይበስል ነበር። ጋኖቹ ምን ያህል እንደነበሩ ለማወቅ ኦክቶበር 17 ቀን 1814 የሆነውን ማንሳት ይበቃል፤ በለንደን ሆርስ ሹ ጠመቃ ፋብሪካ አንዱ ጋን ፈንድቶ የፈሰሰው ቢራ የሰፈሩን ቤቶች አፍርሶ 8 ሰዎችን ገደለ።

የጊነስ ቢራ መሥራች አርተር ጊነስ በዱብሊን ሴንት ጄምስ ጌት የነበረውን የጠመቃ ግቢ የተከራየው በ1759 ነው፤ ውሉ በዓመት 45 ፓውንድ ለ9,000 ዓመት ነበር። መጀመሪያ የጠመቀው ኤል የሚባለውን ቀላ ያለ ቢራ ሲሆን፣ ወደ ፖርተር የገባው በ1770ዎቹ ነው። በ1799 ኤሉን ጨርሶ ተወው። የዛሬው ኤክስትራ ስታውት መነሻ የሆነው «ሱፔሪየር ፖርተር» አቀማመም በ1821 ተጻፈ። በደቡብ አየርላንድ በኮርክ ከተማ ደግሞ ቢሚሽ ኤንድ ክሮፎርድ በ1792፣ መርፊስ በ1856 ተመሠረቱ። የኮርክ ስታውት ከዱብሊኑ ለስለስ ያለ ነው፤ ምሬቱን ቀነስ አድርጎ ለመጥመቅ የሚፈልግ መነሻውን ከዚያ ቢወስድ ጥሩ ነው።

ለጠማቂ ከሁሉም የሚበልጠው ዓመት 1817 ነው። ከዚያ በፊት የፖርተር ቀለም የሚመጣው በእንጨት እሳት ከደረቀ ቡናማ ብቅል ነበር። የፈሳሽን ጥግግት፣ በዚያም ስኳሩን የሚለካው ሃይድሮሜትር ወደ ጠመቃ ቤት ሲገባ ጠማቂዎች አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ቡናማው ብቅል ከነጣው ይልቅ የሚሰጠው ስኳር በጣም ያነሰ ነው። ወደ ነጣው ብቅል ዞሩ፤ ቢራው ግን ቀለሙን አጣ። በተቃጠለ ስኳርና በሌላ ማቅለሚያ ማጥቆሩን ሕግ ከለከለው። ዳንኤል ዊለር በ1817 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሚሽከረከር መቁያ ችግሩን ፈታው፤ ብቅሉ ሳይነድ እኩል ይጠቁራል፣ ጥቂቱ ብዙውን ቢራ ያጠቁራል። ብዙ ነጣ ያለ ብቅል፣ ትንሽ በጣም ጥቁር እህል፤ ዛሬም የምንጠምቀው በዚያው ስሌት ነው።

ያን ጊዜ ግብሩ የሚጣለው በብቅል ላይ ስለነበር ያልበቀለ እህል መጠቀም ክልክል ነበር። በ1880 ግብሩ ወደ ቢራው ሲዞር ያልበቀለ ገብስ መንገድ ተከፈተለት፤ ጊነስ ግን ከጥቁር ብቅል ወደ ቆላ ገብስ የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1930 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ጥንታዊ» የሚለው ቅንብር ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ በቢራ ጥንካሬ ላይ የተጣለው ገደብ በአየርላንድ ላላ ያለ ነበርና፣ ለንደን ፖርተሯን ስትተው ጥቁሩ ቢራ የአየርላንድ መለያ ሆኖ ቀረ።

ሁለት ነገር እናክል። ዊልያም ጎሴት የተባለው የጊነስ ኬሚስት የገብስና የቢራ ናሙናዎችን ሲያነጻጽር ያወጣውን ስሌት በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው «ቲ-ቴስት» እርሱ ነው። ማይክል አሽ የተባለ የሂሳብ ሊቅ ደግሞ በ1959 ናይትሮጅንን ከቢራ ጋር አዋሐደ። የሚታወቀው ክሬም የመሰለ አረፋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሳ ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን የሚለቅ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ በ1988 ተከተለ።

አፍሪካ ለዚህ ቢራ ባዳ አይደለችም። ጊነስ በናይጄሪያ ኢኬጃ ፋብሪካውን የከፈተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ እዚያ የሚጠጣው 7.5 በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራው ዓይነት ነው። የጊነስ ባለቤት ዲያጆ ሜታ አቦን በ2012 ገዝቶ በ2022 ለቢጂአይ እስኪያስተላልፍ ድረስ ሰበታም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነበረች።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሕጉ

ባሉበት አገር ያለውን ሕግ ይወቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ለራሱ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። በእንግሊዝ ለቤት ፍጆታ የሚጠመቅ ቢራ ከ1963 ጀምሮ ከግብር ነፃ ነው። በሳውዲ አረቢያና በኩዌት ያላችሁ ይህን ለንባብ ብቻ ያዙት፤ እዚያ መጥመቅ ወንጀል ነው።

ዕቃው

35 ሊትር የሚይዝ ድስት፤ ለድፍድፉ 25 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሙቀት የማያስወጣ ሳጥን ከታቹ ማጥለያና ቧንቧ ያለው፣ ወይም ድስቱ ውስጥ የሚገባ ጠንካራ የወንፊት ጨርቅ ከረጢት፤ በእርሾ ለሚፈላበት ጊዜ 25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ለምግብ የተፈቀደ ባልዲ ከነክዳኑና ከኤርሎኩ (ጋዝ አስወጥቶ አየር ከማያስገባው መተንፈሻ)፤ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር፣ ግራም የሚለካ ሚዛን፤ የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ማቀዝቀዣ ጥምዝ ቱቦ፤ ማስተላለፊያ ቱቦ፣ የጠርሙስ ቆርኪና ማሸጊያ። ቴርሞሜትሩን አይናቁ፤ 3 ዲግሪ ከዋሸ ደረቁ ስታውት ጣፋጭ ይሆናል። በሚፈላ ውሃና በበረዶ ውሃ ይፈትኑት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ቴርሞሜትሩ 92 ካለ አልተሳሳተም።

ዎርቱ (ከድፍድፉ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ) ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነካው ነገር ሁሉ መጀመሪያ መታጠብ፣ ቀጥሎ ከጀርም መጽዳት አለበት። በአሲድ የሚሠሩትና መለቅለቅ የማያስፈልጋቸው ሳኒታይዘሮች (ጀርም ማጥፊያዎች) ይመረጣሉ። በረኪና ይገድላል፤ ነገር ግን ትንሽ ቅሪቱ ከቢራው ጋር ተዋሕዶ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ሽታ ይሰጣል። ሌላ ከሌለ በረኪና ተጠቅመው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ።

ለ20 ሊትር የሚያስፈልገው

ነጣ ያለ የኤል ብቅል 3.1 ኪሎ፤ የተደመጠጠ (ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነ) ያልበቀለ ገብስ 900 ግራም፤ ቆላ ገብስ 450 ግራም። ሆፕስ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ)፦ ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ወይም ፈግል፣ አልፋ አሲዱ (የምሬቱ ምንጭ) 5 በመቶ የሆነ፣ 65 ግራም። እርሾ፦ የአየርላንድ ኤል እርሾ፣ ካልሆነም ኖቲንግሃም ወይም ሳፍኤል ኤስ-04 የሚባለው ደረቅ እርሾ፣ 11 ግራም። ለጠርሙስ 85 ግራም ተራ ስኳር።

የሚጠበቀው ውጤት፦ መነሻ ጥግግት 1.042፣ መጨረሻ 1.010፣ አልኮል 4.2 በመቶ። ይህ የሚሠራው ከእህሉ ስኳር 70 በመቶ ያህሉን ካወጡ ነው፤ የመጀመሪያው ጠመቃ ከዚያ ቢያንስ አይደንግጡ፣ በሚቀጥለው 300 ግራም ብቅል ይጨምሩ።

የሆፕስ ፓኬት ላይ ያለውን አልፋ አሲድ ሳያዩ አይመዝኑ። 10 በመቶ ከሆነ ግማሹ ይበቃል፤ 4 በመቶ ከሆነ 80 ግራም ያስፈልጋል። የሆፕስ መዓዛ እዚህ ቢራ ላይ ቦታ የለውም፣ የሚፈለገው ምሬቱ ብቻ ስለሆነ ንጹሕ ምሬት የሚሰጥ የትኛውም ዓይነት ይሆናል።

የተደመጠጠ ገብስ ካጡ ያልበቀለ ገብስ ሸክሽከው፣ ከክተው በሦስት እጥፍ ውሃ 30 ደቂቃ እንደ ገንፎ ያብስሉና ከነትኩሱ ሳይሆን ወደ 65 ዲግሪ አብርደው ከድፍድፉ ጋር ይቀላቅሉ፤ የገባበትን ውሃ ከድፍድፉ ውሃ ላይ ይቀንሱ። ይህ ገብስ የሚሰጠው ፕሮቲንና ሙጫማ ነገር ነው አረፋውን ሳይጠፋ የሚያቆየው። ዱቄት ሆኖ እንዳይፈጭ ይጠንቀቁ።

ጥቁሩን ገብስ በቤት መቁላት

በቢራ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ቆላ ገብስ ወጥ ስለሆነ፣ ማግኘት የሚችል ይግዛው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ግን መቁላቱ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጠላ የሚጠምቅ ሰው አሻሮ ያውቃል፤ ልዩነቱ ለስታውት የሚቆላው ከአሻሮ እጅግ የጠቆረ መሆኑ ነው።

ገብሱ ይለቀም፣ ይታጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ብረት ምጣድ ላይ ከሁለት ፍሬ በላይ ሳይደራረብ በመካከለኛ እሳት ይጀመርና ሳያቋርጡ ያምሱት። መጀመሪያ የቆሎ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ ከዚያ የቡና ሽታ። ከቡናው ሽታ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። በየደቂቃው አንድ ፍሬ አውጥተው በጥርስ ይስበሩ፤ ውስጡ እንደ ጥቁር ቸኮሌት ሲሆን፣ ቅርፊቱ ገና ጥቁር ቡናማ ሳለ ያውርዱት። ውስጡ ከሰል ከመሰለ፣ ጣት ላይ ሲፈጭ ጥቀርሻ ከተወ አልፏል፤ ያ ገብስ ስታውቱን አመድ አመድ ያሰኘዋል፣ ሊታረምም አይችልም። ነጭ እምብርት ካለው ደግሞ አልደረሰም፤ ቢራው ቀይ ይሆናል እንጂ አይጠቁርም። ሲያወርዱት ወዲያው ሰፌድ ላይ በትነው ያንፍሱት፣ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላልና። ጭሱ እንዲወጣለት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ከ550 ግራም ቢጀምሩ አያጥርዎትም።

ጌሾን በሆፕስ ፋንታ እናግባ ለሚል፦ የሚወጣው መጠጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ስታውት ግን አይሆንም። የሆፕስ አልፋ አሲድ ምሬት የሚሰጠው ረጅም ሰዓት ሲፈላ ቅርጹን ለውጦ ነው፤ የጌሾ ምሬት ከሌላ ውሁድ የሚመጣና ከድፍድፉ ጋር አብሮ እየቆየ የሚወጣ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ በግራም መለወጥ አይቻልም።

ውሃው

ቆላ ገብስ አሲድ ነው። ድፍድፉ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ያወርዳል። የብቅሉ ኢንዛይሞች በደንብ የሚሠሩት፣ ጣዕሙም የሚያምረው ከ5.2 እስከ 5.5 ባለው መካከል ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት ጠንካራ ውሃ የጥቁሩን ገብስ አሲድ ይቋቋማል፤ ነጣ ያለ ቢራ የሚያበላሸው የዱብሊን አካባቢ ውሃ ለጥቁር ቢራ የተመቸው ለዚህ ነው። ሴንት ጄምስ ጌት ራሱ ዛሬ የሚጠቀመው ከዊክሎው ተራሮች የሚመጣ ለስላሳ ውሃ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ ጠንካራ ውሃ ግዴታ አይደለም፣ ፒኤቹን መጠበቅ ነው ግዴታው።

ውሃዎ ለስላሳ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቁሩን ገብስ ከሌላው ጋር ደፍድፎ በድፍድፉ ውሃ ውስጥ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ነው፤ በ12.5 ሊትር ውስጥ ወደ 115 ሚሊግራም በሊትር ባይካርቦኔት ይጨምራል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳ ነው። ሁለተኛው ጥቁሩን ገብስ ለብቻው አቆይቶ ድፍድፉ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው መጨመር ነው። የመጀመሪያው ደረቅና ጠርዝ ያለው ትክክለኛ የዱብሊን ጣዕም ይሰጣል፤ የፒኤች መለኪያ ለሌለው ግን ሁለተኛው ይሻላል። ጣዕሙ ትንሽ ይለሰልሳል፣ የመበላሸት ዕድሉ ግን በጣም ይቀንሳል። የመጀመሪያ ስታውትዎ ከሆነ በዚህኛው ይጀምሩ። ማሰሮና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጥል ጠንካራ ውሃ ያለው ሰው ምንም ሳይጨምር ሁሉንም አብሮ መደፍደፍ ይችላል።

ክሎሪን የግድ መውጣት አለበት። ተራ ክሎሪን ውሃው ክፍቱን ሲያድር ወይም ሲፈላ ይሄዳል። ዋሽንግተን ዲሲን የመሰሉ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን ክሎራሚን ይጠቀማሉ፤ እርሱ በማደር አይወጣም፣ በማፍላትም በቀላሉ አይለቅም። ለ30 ሊትር ውሃ ግማሽ የካምደን ጽላት (በቢራ ዕቃ ሱቅ የሚገኝ የሰልፋይት እንክብል) ፈጭቶ ማማሰል በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋዋል።

የጠመቃው ቀን

ብቅሉን ቅርፊቱ ሳይደቅ ፍሬው ብቻ እንዲሰበር አድርገው ይፍጩ። ቅርፊቱ ነው በኋላ ማጥለያ የሚሆነው። ጥቁሩም እንደዚያው፤ እንደ ቡና ከላመ ማጥለያውን ይዘጋዋል።

12.5 ሊትር ውሃ 72 ዲግሪ ያድርሱ። እህሉን እያማሰሉ ይጨምሩ፤ ድፍድፉ 65 ዲግሪ ላይ መረጋጋት አለበት። ደረቁ እህል ከዱቄት ጓል ጋር እንዳይቀር እስከ ታች ያማስሉ። ከ67 በላይ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከ63 በታች ከሆነ የፈላ ውሃ በትንሽ በትንሹ ያክሉ። 65 ዲግሪ የተመረጠው እርሾው በልቶ የሚጨርሰውን ስኳር ስለሚያበዛ ነው፤ 69 ላይ የተደፈደፈ ስታውት 1.016 ላይ ቆሞ ከብዶ ይቀራል። ክዳኑን ዘግተው 60 ደቂቃ ይተዉት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፒኤች የሚለኩ ከሆነ ናሙናውን አብርደው ይለኩ።

አሁን ዎርቱ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሊትር ፍርፋሪው እስኪጠፋ ቀስ ብለው መልሰው ከላይ ያፍስሱ። ከዚያ ወደ ድስቱ ይልቀቁት፤ 8 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ ቀሪውን እህሉ ይይዘዋል። ቀጥሎ 17 ሊትር ውሃ በ75 ዲግሪ በሁለት ዙር ጨምረው እህሉን ያጥቡት። ከ78 በላይ የሞቀ ውሃ፣ ወይም እህሉ ስኳሩን ከጨረሰ በኋላ ማጠቡን መቀጠል፣ ከቅርፊቱ ታኒን ያወጣል፤ ምላስ የሚያደርቀው እርሱ ነው። ድስቱ ውስጥ 25 ሊትር ሲደርስ፣ ጥግግቱ 1.035 አካባቢ ሲሆን ያቁሙ።

እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ዋና ችግር መዘጋት ነው። የተደመጠጠው ገብስ ድፍድፉን ሙጫ ያደርገዋል፣ ቧንቧው ይደርቃል። ቧንቧውን ይዝጉ፣ ሁለት ሊትር የ75 ዲግሪ ውሃ ጨምረው ድፍድፉን ከታች ጀምሮ ያማስሉ፣ 10 ደቂቃ አስቀምጠው እንደገና በጣም በቀስታ ይክፈቱ። ቸኩሎ ሙሉ በሙሉ መክፈት እህሉን ወደ ታች ስቦ ያነጥፈዋል፤ መዘጋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አስቀድሞ 200 ግራም የታጠበ የሩዝ ፍሬ ቅርፊት መቀላቀል ጣጣውን ያስቀራል። በከረጢት ለሚጠምቅ ይህ ሁሉ ስጋት የለበትም።

ዎርቱን ያፍሉ። ሊፈላ ሲል አረፋው በድንገት ስለሚነሳ ከድስቱ አይራቁ፤ 25 ሊትር የሚፈላ ስኳር ሲገነፍል ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። አረፋው ሲወርድ 65 ግራሙን ሆፕስ ይጨምሩና ክዳን ሳይደፉ 60 ደቂቃ በኃይል ያፍሉ። 21 ሊትር ገደማ ይቀራል።

ይህ ስሌት ለባሕር ወለል ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃው በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ አልፋ አሲዱ የሚለወጥበት ፍጥነት ወደ ግማሽ ይወርዳል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን የሚጠምቅ ሰው 90 ደቂቃ ያፍላ፣ ሆፕሱንም ወደ 80 ግራም ያድርሰው። ለተጨማሪው ትነት የማጠቢያውን ውሃ 19 ሊትር ያድርጉት። ይህን ያላደረገ ሰው ቅንብሩን በትክክል ተከትሎ ምሬት የሌለው ጥቁር ቢራ ያገኛል።

ከፈላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ 18 ዲግሪ ያብርዱ። ማፍላቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ማቀዝቀዣ ቱቦው ድስቱ ውስጥ ከገባ በእሳቱ ይጸዳል። ዝቃጩን ትተው 20 ሊትሩን ወደ ባልዲው ከከፍታ እያፈሰሱ አየር ያስገቡለት። ናሙና ወስደው በ20 ዲግሪ ሃይድሮሜትሩን ያንብቡ፣ ይጻፉት። እርሾውን ላዩ ላይ በትነው ይክደኑ።

መፍላት

የዳቦ እርሾ አይጠቀሙ። ስኳሩን ይበላል፤ ግን ወደ ታች በቅጡ አይዘቅጥም፣ ጣዕሙም የሊጥ ይሆናል።

ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያለ ጨለማ ቦታ ይምረጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ኤርሎኩ መተንፈስ ይጀምራል። በሚፈላበት ጊዜ ቢራው ከክፍሉ አየር እስከ 4 ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል የሚለካው የባልዲው ግድግዳ ነው። የደጋ ቤቶች ለዚህ የታደሉ ናቸው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ግን ባልዲውን ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁመው እርጥብ ጨርቅ አልብሰው የበረዶ ጠርሙስ እየቀያየሩ ማውረድ ይገባል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት።

ግፋቱ ሲበርድ፣ በ5ኛው ቀን ገደማ፣ ወደ 21 ዲግሪ ከፍ አድርገው ለሁለት ቀን ያቆዩት። እርሾው በመጀመሪያ የፈጠረውን የቅቤ ሽታ መልሶ የሚበላው ያኔ ነው። ያለቀ መሆኑን የሚናገረው ኤርሎኩ ሳይሆን ሃይድሮሜትሩ ነው፦ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ አንድ ዓይነት ካሳየና 1.010 አካባቢ ከሆነ አልቋል። በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። አልኮሉን ለማግኘት የመነሻና የመጨረሻውን ልዩነት በ131 ያባዙ፤ 0.032 ሲባዛ 4.2 ይሆናል።

ጠርሙስ

85 ግራም ስኳር በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ደቂቃ አፍልተው ያብርዱ፣ የጸዳ ባልዲ ውስጥ ያፍስሱትና ቢራውን አየር ሳያስገቡ በቱቦ ላዩ ላይ ያስተላልፉ። በዝግታ አማስለው ወደ ጠርሙስ ያስገቡ፤ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ይህ መጠን የሚሰጠው ጋዝ ከላገር ያነሰ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው። ጋዝ የበዛበት ስታውት ጥቁሩን ገብስ ሻካራ ያደርገዋል።

ቡናማና ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ብቻ ይጠቀሙ። 1.018 ላይ ያለ፣ ገና ያልጨረሰ ቢራ የታሸገበት ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ሳጥኑን ክዳን ባለው ነገር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያስቀምጡ፣ ከዚያ ያቀዝቅዙ።

ጣዕሙ ሲበላሽ

ምላስ የሚያደርቅና የሚጎመዝዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፒኤች ነው፤ ለስላሳ ውሃ ሶዳ ሳይገባበት ከጥቁሩ ገብስ ጋር ተደፍድፏል። ውሃው ትክክል ከነበረ ደግሞ የማጠቢያው ሙቀት ይመርመር። አመድ አመድ ካለ ገብሱ ነድዷል። ቀጭንና ባዶ ከሆነ ድፍድፉ ከ63 በታች ወርዶ ነበር ወይም የተደመጠጠው ገብስ አንሷል። የአረንጓዴ ፖም ሽታ ቢራው ቶሎ ከእርሾው መለየቱን ያሳያል፤ ሁለት ሳምንት ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። የፕላስተር ሽታ ክሎሪን ነው፣ አይለቅም። የቀለም መፋቂያ የሚመስል ሹል ሽታ የሙቀት ውጤት ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ፈልቷል። እየቆየ የሚኮመጥጥና ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ቀሪዎቹን ቶሎ አቀዝቅዘው በጥንቃቄ ይክፈቱ፣ የፕላስቲክ ቱቦውንም ይጣሉት።

1.020 ላይ የቆመ ቢራ ሲያጋጥም መጀመሪያ ባልዲውን ወደ 21 ዲግሪ አሙቀው በቀስታ ያናውጡት። በሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ አዲስ እርሾ ይጨምሩ። ያም ካልሠራ ድፍድፉ በጣም ሞቆ ነበር ማለት ነውና ጣፋጩን ስታውት ተቀብሎ መጠጣት ነው።

ናይትሮጅንና አቀዳድ

የመጠጥ ቤቱን ክሬም አረፋ የሚሰጠው 75 በመቶ ናይትሮጅንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ ነው። ናይትሮጅን ቢራ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በግፊት ተገዶ የገባው ብርጭቆ ላይ ሲለቀቅ እጅግ ደቃቅ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ከበርሜል ለሚቀዳ፦ ቢራው መጀመሪያ በጣም ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንድ ሊትር ቢራ 1.2 ሊትር ጋዝ ያህል ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ በተደባለቀው ጋዝ በ2 እስከ 2.4 ባር በቅዝቃዜ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ የሚቀዳውም ውስጡ ባለ ትንንሽ ቀዳዳ ሳህን ባለው የስታውት ቧንቧ ነው። ተራ ቧንቧ በዚህ ግፊት አረፋ ብቻ ይተፋል። መቆጣጠሪያውና ቱቦው ለዚህ ግፊት የተሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ብርጭቆው ከሳሙናና ከቅባት ፈጽሞ የጸዳ ይሁን፤ አረፋ የሚገድለው ቅባት ነው። 45 ዲግሪ አዘንብለው ሦስት አራተኛውን ይሙሉ፣ ነጭና ጥቁሩ እስኪለይ ይጠብቁ፣ ከዚያ አቅንተው ይጨርሱት። ጠርሙስ ለሚቀዳ ሰው ሌላ ዘዴ አለ፦ ግማሽ ከተቀዳው ላይ መርፌ በሌለው ንጹሕ ሲሪንጅ 20 ሚሊ ሊትር ስበው መልሰው በኃይል ብርጭቆው ውስጥ ይርጩት፤ ደቃቅ አረፋው ወዲያው ይነሳል። የጠርሙሱ ስታውት በ10 እስከ 12 ዲግሪ፣ የናይትሮጅኑ በ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቅረብ። አልኮሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ለዓመታት የሚቀመጥ ቢራ አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ የቆላው ሽታ እየደበዘዘ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ይመጣበታል።